አንደበተ ለስላሳ

ሰኔ ሲገባ ደብረ ታቦር ከተማ መሆኗን ትረሳለች። ጉሙ ከጉና እየተንከባለለ ይወርድና መጀመሪያ ባሕር ዛፉን፣ ቀጥሎ ቆርቆሮውን፣ በመጨረሻ ሰውን ይውጣል፤ ባጃጅ እንኳ ጡሩምባው ብቻ ተሰምቶ ያልፋል። እንዲህ ባለ ቀን የዘጠነኛ ክፍል ልጅን እንግሊዝኛ ተማር ማለት ግፍ ነው። መምህር ደሳለው ግን ግፉን በየዓመቱ ይፈጽመዋል፤ እንጀራው ነውና አይፈረድበትም።

ያን ዕለት፣ አርብ ጧት፣ በሰሌዳው ላይ «ሶፍት ስፖክን» ብሎ ጻፈ። ሁለት ቃል ናቸው፤ በመሃላቸው አጭር ሰረዝ ተጋድማለች።

«ይቺ ሰረዝ ቀንበር ናት» አለ። «አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። ‹ሶፍት› ለስላሳ ነው፤ ‹ስፖክን› የተነገረ ነው። ለየብቻ ብታዩዋቸው የትም አያደርሷችሁም። ሲጠመዱ ግን የሰው ጠባይ ይሆናሉ፤ ድምፁን የማያነሣ፣ ሲናገር ሰው የማያስደነግጥ፣ ረጋ ያለ ሰው። እኛስ አንጠምድም? ልበ ቀና እንላለን፣ እጀ ሰፊ እንላለን፣ ዓይነ አፋር እንላለን። ይቺን አንደበተ ለስላሳ ብንላት አንሳሳትም።»

ተማሪዎቹ ተያዩና ፈገግ አሉ። ቃሉ የማን ስም እንደሆነ አላጡትም። ደሳለው በንዴት ቀን እንኳ ድምፁ ከአምስተኛው ወንበር አያልፍም፤ ርእሰ መምህሩም በየዓመቱ «ዕውቀት በጣም ጥሩ፣ ድምፅ ይሻሻል» ብሎ ይጽፍለታል። ስድስት ዓመት ሙሉ አልተሻሻለም።

ከፊት የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። «መምህር፣ አፈ ቅቤ ማለት ነው?»

«አይደለም። አፈ ቅቤ ስትዪ ልበ ጩቤው ተከትሎ ይመጣል። ይቺ ምስጋና ናት። ሰው ሲሰደብባት ሰምቼ አላውቅም።»

ይህን ያለው አፉን ሞልቶ ነው። አፉን ሞልቶ የሚናገር ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀኑን ሳይጨርስ አንድ ነገር ያገኘዋል።

ለምሳ ሲወጣ አያ ሞላ የበግ ጠጉር ባናቸውን ተከናንበው ከግንቡ ሥር ቆመው አገኛቸው። አያ ሞላ የጉና ሰው ናቸው። በመንደራቸው እድር ሲጠራ፣ ከብት ሲጠፋ፣ ሰው ሲሞት፣ ከገደሉ አፋፍ ቆመው የሚጣሩት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ሲጣሩ በማዶው አምባ የሚያርስ ሰው እርፉን ለቆ ያዳምጣል። ዛሬ ግን ድምፃቸው ከባናው ውስጥ አልወጣ አለ።

«ልጅቱ መጥታለች» አሉ።

ደሳለው የቷ ልጅ ብሎ አልጠየቀም።

«ሦስት ቀኗ ነው። ልጄ አልማዝ ቤት ናት። እናትሽ ጠበል ናቸው፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ በቅሎም አልተገኘ እያልን ይዘናታል። ነገ ጎሕ ሲቀድ ዘመድ ተሰብስቦ ያረዳታል። ብቻ የሚጀምርልን ሰው አጣን። እኔ ጥሪ እንጂ መርዶ አልችል፤ አፌን ስከፍተው ይጮኽብኛል። አንተ አንደበትህ ለስላሳ ነው። አንተ ጀምርላት።»

ደሳለው እሺ አለ። እንቢ የሚልበት አፍ አልነበረውም፤ ነገሩ የተበላሸው ከዓመት በፊት ነው።

ወርቅዬ የእሱ ተማሪ ነበረች፤ ገና ከጉና ሥር በምትገኝ ትምህርት ቤት ሲያስተምር። አባቷን በልጅነቷ ነው ያጣችው። ወደ አረብ አገር ስትሄድ እናቷ ወይዘሮ ብዙነሽ የስልክ ነገር አያውቁም ነበርና የደሳለውን ቁጥር ይዛ ሄደች። አርብ አርብ በኢሞ የድምፅ መልእክት ትልካለች። ቅዳሜ እናትየዋ እንቁላላቸውን ሸጠው ሲያበቁ ከደሳለው በራፍ ይቀመጡና፣ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። የልጅቱ ድምፅ ከሹክሹክታ እምብዛም ስለማይለይ አንዱን ነገር ሦስቴ ያስደግሙታል። ከዚያ እሳቸው ይናገራሉ፣ ደሳለው ይልካል።

ባለፈው ዓመት፣ በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት፣ ብዙነሽ በሁለት ቀን ሕመም አረፉ። የእናትየዋ ወንድም አያ ሞላ ናቸው፤ ከቀብር ሲመለሱ ደሳለውን ክንዱን ይዘው፣ «በሰው አገር ለብቻዋ እንዳትሰማ» አሉት። «ማን ወገቧን ይይዛታል? ከፎቅ ብትወረወርስ? እስክትመጣ ድረስ አንተ መልስላት።»

ይህ ክፋት አይደለም። ለብቻው ላለ ሰው መርዶ አይነገርም፤ ሲመሽም አይነገርም። በማለዳ ነው፣ በዘመድ መሃል ነው፤ ሲወድቅ የሚይዘው፣ ሲያለቅስ የሚያግዘው እንዲኖር ነው። ደሳለውም በዚሁ ወግ ያደገ ሰው ነው። ስለዚህ «እናትሽን ሳል ይዟቸው ድምፃቸው ተዘግቷል፤ እኔ ልናገርላቸው» ብሎ ጀመረ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የመጀመሪያው ሳምንት ከብዶት ነበር። በአሥረኛው ሳምንት ግን ገብሱ እንዴት እንደያዘ፣ ድንቹን ውርጭ እንዳልነካው፣ የትኛዋ በግ መንታ እንደወለደች ከአያ ሞላ እየጠየቀ፣ በዚያው በለስላሳ ድምፁ፣ «እናትሽ እንዲህ ብለዋል» እያለ ይነግራታል።

እሷም ትነግረዋለች፤ ለእናቷ መስሏት። ከትምህርት ቤት ወደ ቤቱ በጉሙ ውስጥ ሲሄድ ያ ሹክሹክታ በጆሮው ነው። ከባሕር ማዶ የሚመጣ አይመስለውም፤ እዚያው አጠገቡ፣ ከነጩ ውስጥ አንድ ሰው አብሮት እየሄደ የሚያወራው ይመስለዋል። አንዳንዴ መንገዱን ስቶ የሰው በር ላይ ደርሶ ይመለሳል። የልጅቱን መልክ ከረሳው ቆይቷል፤ ድምፅዋን ግን ከገዛ እስትንፋሱ የማይለይበት ጊዜ ነበር።

የካቲት ላይ አንድ መልእክት መጣ። «እናቴ፣ ደከመኝ። ውሌ ገና ዓመት ይቀረዋል። ነይ ካልሽኝ እመጣለሁ፤ ቆዪ ካልሽኝ እቆያለሁ።» አያ ሞላን ቢጠይቃቸው «ትቆይ፤ አሁን መጥታ ምን ታገኛለች፣ መርዶ እንጂ» አሉት። ደሳለው አራት ቀን ዝም አለ። በአምስተኛው ቀን ስልኩን አነሣና «እናትሽ ነይ ብለዋል» አላት።

ይህን ለማንም አልተናገረም። ሌላው ውሸት የሁሉም ነበር፤ ይቺ ግን የእሱ ብቻ ናት። ወርቅዬ እናቴ ጠራችኝ ብላ ጓዟን ጠቅልላ መጣች፤ የጠራት ግን እሱ ነው። ነገ ማለዳ እናቷ የሞቱበትን ቀን ስትሰማ ሒሳቡን ማንም ሳይነግራት ታገኘዋለች። ያኔ በምን ዓይን ታየዋለች? ደሳለው የፈራው ይህን ነው፤ ከመርዶው ይልቅ ይህን ነው የፈራው።

አሥር ሰዓት ላይ ተማሪው ወጥቶ ግቢው ጭር አለ። ደሳለው ከዝግባው ሥር ባለው አግዳሚ ተቀምጦ ፈተና ያርማል፤ ያርማል ይባል እንጂ አንዱን ወረቀት አራት ጊዜ ነው ያነበበው። ጉሙ የግቢውን በር ሸፍኖታል። ከዚያ ውስጥ አንድ ድምፅ መጣ።

«መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ።»

ስልኩ ራሱ የተከፈተ መስሎት ኪሱን ዳሰሰ። ቀጥሎ ወርቅዬ ከጉሙ ወጣች። ቀጥናለች፤ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ተከናንባለች፤ በእጇ የታጠፈ ወረቀት ይዛለች። ጎንበስ ብላ ሰላም አለችውና ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጠች። ደሳለው እንኳን በሰላም መጣሽ አላት። ቃሉ ከአፉ እንደ ሁልጊዜው ረግቶ ሲወጣ ራሱን ታዘበው።

«ማዳሜ ልመጣ ስል የጻፈችልኝ ነው» አለች ወረቀቱን እየዘረጋች። «እዚህ ሆቴል ሥራ ብጠይቅበት ብዬ ነው። ሌላውን ደርሼበታለሁ፤ ታማኝ ናት፣ ልጆቼን ትወዳለች ይላል። አንዷን ቃል ግን ስልኩን ብጠይቀው ‹ለስላሳ የተነገረ› አለኝ። እንዴት ያለ ነገር ነው? ስለ ራሴ የተጻፈ ነው፤ ምን እንደተባልኩ ሳላውቅ ልቅር?»

ጣቷን ያሳረፈችበትን አየ። ጧት በሰሌዳው ላይ የጻፋት ቃል ናት። እንዲህ ያለውን ሌላ ሰው ቢያወራው ውሸት ነው ይል ነበር። አስተማሪ ግን ሲጠየቅ መመለስ ልማዱ ነውና፣ ቀንበሩንም በሬዎቹንም እንደ ጧቱ አስረዳት፤ አንደበተ ለስላሳ በያት አላት።

ወርቅዬ ቃሉን በከንፈሯ ብቻ ደገመችው። «ለድምፅ ነው የምትባል፣ ለሰው?»

«ለሰው። ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ብዙ ነው። ይቺ የምትባለው ግን ጠባዩም እንደ ድምፁ ለሆነ ነው።»

«ፈርቶ ዝቅ ለሚልስ?»

«አይባልም። የፈራማ የፈራ ነው።»

«እንግዲያው ማዳሜ ተሳስታለች።» ፈገግ አለች። «ሕፃኑ እንዳይነሣ፣ አማቷን ራሷን እንዳያማት፣ ባልየው እቤት መኖሬን እንዲረሳው ብዬ ነው ዝቅ ያልኩ። ስድስት ዓመት። አሁን በሕልሜ እንኳ ዝቅ ብዬ ነው የማወራ። ትላንት የልጅነት ቤታችንን አየሁ፤ እናቴን ከበሩ ሆኜ ብጣራ ብጣራ አልሰማ አለችኝ፤ ጀርባዋን ሰጥታ ጎመን ትቀነጥሳለች።»

ዝግባው ያጠራቀመውን ውሃ ጠብ ጠብ አደረገባቸው፤ አንዱም አልተነሣ።

«ሌላ ልጠይቅዎት» አለች። «የሚደብቀው ነገር ኖሮት ዝቅ ለሚል ሰውስ ትባላለች?»

«እሱም አይባልም።»

«አያ ሞላ ሲያወሩ ማዶ ያለ ሰው ይሰማቸው ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ግን እንደ ሕሙም ጠያቂ ነው የሚያናግሩኝ። አልማዝም እንዲያው። ስገባ ዝም፣ ስወጣ ሹክሹክ። ሁሉም ብዪ፣ ጠጪ፣ ተኚ ይለኛል። እኔ ዝቅ ያለ ድምፅ አውቃለሁ መምህር፤ ስድስት ዓመት የኖርኩበት ነው፤ የደስታውን ከጭንቁ እለየዋለሁ። አንቱ ብቻ አልተለወጡም። በስልክ እንዲያ ነበሩ፣ ዛሬም እንዲያው ነዎት። ስለዚህ አንቱን ልጠይቅ መጣሁ። እናቴ እውነት ጠበል ናት?»

ደሳለው አፈር በሆንኩ አለ በሆዱ። የጧቷ ልጅ ትዝ አለችው፤ አፈ ቅቤ ማለት ነው ወይ ያለችው። ምስጋና ብቻ ናት ብሎ ነበር። ይኸው ዓመት ከሁለት ወር በዚህ በተመሰገነ አንደበት ሲዋሽ ማንም አልጠረጠረውም፤ እሷም ያመነችው ስለዚሁ አንደበት ነው። ወጉ ነገ ይላል፤ ዘመድ በተሰበሰበበት፣ ወገብ የሚይዝ ባለበት ይላል። ነገ ይነገርሻል ማለት ግን ራሱ መርዶ ነው። ጠበል ናቸው ብሎ ዓይኗን እያየ አንድ ጊዜ መጨመር ደግሞ አልቻለም።

«አርፈዋል» አለ።

ተነሥቶ እጁን ዘረጋ፤ የተረዳ ሰው ይወድቃልና ሊይዛት ነው። አልወደቀችም። እጁ ባዶውን እንደተዘረጋ ቀረ።

«መቼ?»

«አምና። በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት።»

ወርቅዬ በጣቶቿ አንጓ ወራቱን ቆጠረች። ቀስ ብላ ነው የቆጠረች፤ ግንቦት፣ ሰኔ፣ ሐምሌ፣ እያለች የካቲት ላይ ቆመች።

«ነይ ያለችኝ የካቲት ነው።»

«አዎ።»

«ማን ነው ነይ ያለኝ?»

«እኔ።»

«አያ ሞላ ናቸው በል ያሉዎት?»

«አይደሉም። እሳቸው ትቆይ ነው ያሉት። እኔ ነኝ ወርቅዬ። ድምፅሽን ብሰማው ዓመት የሚቆይ አልመሰለኝም።»

ጉሙ በመሃላቸው ገብቶ ፊቷን ሲወስደውና ሲመልሰው ደሳለው ያያል። አሁንስ ጠፍታለች ሲል ትመለሳለች።

«ብዙ ነገር ነው እኮ የነገርኳት» አለች በመጨረሻ። «ለሰው የማይነገር። ለእናት ብቻ የሚነገር።»

«አውቃለሁ።»

«ሁሉንም ሰሙት?»

«ሁሉንም።»

ወረቀቱን አጠፈችው። አንዴ አጥፋ፣ ሁለቴ አጥፋ፣ ከዚያ በላይ የማይታጠፍ እስኪሆን አጠፈችው። «ነገ እንዳልሰማሁ ሆኜ እቀመጣለሁ» አለች። «አያ ሞላ ለእኔ ብለው ይህን ሁሉ ጊዜ ተሸክመውታል። ወግ አይቅርባቸው። ስለ ሌላው ግን…» ሳትጨርሰው ተነሣች። ደሳለው ይቅር በዪኝ ሊል አፉን ሲከፍት ጉሙ ውስጥ ገብታለች።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ የአልማዝ ቤት ሞላ። ወንዶቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው በግድግዳው ዙሪያ ተቀመጡ፤ ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ከመደቡ ላይ ሆኑ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ግቢው ውስጥ በዝምታ ቆሙ። ቦታ ስላልነበረ ደሳለው ከደጃፉ ላይ ቆመ። እንቅልፍ የሚባል በዓይኑ አልዞረም። በሕልምና በውን መካከል ሆኖ የሚያየው ሁሉ ራቅ ብሎ ይታየዋል፤ የሰዎቹ እስትንፋስ በብርዱ ውስጥ ሲጤስ ቤቱ ራሱ የሚተነፍስ ይመስለዋል።

ወርቅዬ ከጓዳ ወጣች። ሁሉንም አየች፣ ለሁሉም አንገቷን ዝቅ አድርጋ እጅ ነሣች፣ መሃል ላይ ባኖሩላት በርጩማ ተቀመጠች። አልማዝ ከኋላዋ ቆመች፤ ወገቧን ልትይዝ ነው። አያ ሞላ ለደሳለው በራሳቸው ምልክት ሰጡት።

«ወርቅዬ» አለ ደሳለው። ዓመት ሙሉ ያለ ችግር የተናገረ ሰው፣ እውነቱን በሰው ፊት የሚናገርበት ቀን ሲመጣ ከስሟ አላለፈም። ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። ቄሱ ሳል አሉ። አያ ሞላ ሊረዱት ፈልገው አፋቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ዘጉት፤ እንባቸው ባናው ላይ ወረደ።

ያኔ ወርቅዬ ከበርጩማዋ ተነሥታ ወደ አጎቷ ሄደች። ከእግራቸው ሥር ተንበርክካ ሁለት እጃቸውን ያዘች።

«አያ ሞላ» አለች፤ «ይበቃዎታል። እናቴ አርፋለች አይደል?»

የአያ ሞላ ጩኸት ከቤቱ ወጥቶ ገበያው ድረስ ተሰማ። ቤቱ ተቀበላቸው፤ ግቢው ተቀበለ፤ ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ። አልማዝ ተከትላ የወርቅዬን ወገብ ይዛ አብራት ተንበረከከች። ከዚያ ወጉ እንደሚለው ሁሉም የልጅቱን ቃል ጠበቀ፤ ልጅ እናቷን ጠርታ ያላትን ትላለች፣ ሌላው ተቀብሎ ያለቅሳል። የወርቅዬ ከንፈር ይንቀሳቀሳል። ድምፅዋ ግን በጩኸቱ ውስጥ የለም።

«እስቲ ዝም በሉ፣ ልጅቱ እያለች ነው» አለች አልማዝ።

ለቅሶው መጀመሪያ ከቤቱ ቆመ፣ ቀጥሎ ከደጃፉ ቆመ፣ ቀጥሎ ከግቢው ቆመ። ለቀስተኛ ሐዘንተኛዋን ለመስማት ዝም ያለበትን ለቅሶ በዚያ ሰፈር ያየ አልነበረም። ደሳለው አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ። መምህሩ እናቴን መስሎ አታለለኝ ብትል እውነቷን ነው፤ በሰው ፊት ቢሆንም ይገባዋል። የሚመጣውን ሊቀበል ቆርጦ ነበር።

«እናቴ» አለች ወርቅዬ። «እናቴ፣ ነይ ብለሽኝ መጣሁ።»

ሌላ አልጨመረችም። ቃሉ የማን እንደሆነ እያወቀች ለእናቷ ሰጠችው።

ግቢ ያሉት አልሰሙም ነበር። «ምን አለች? ምን አለች?» እያሉ ወደ በሩ ተጠጉ። አያ ሞላ መናገር አቅቷቸው እጃቸውን ወደ ደሳለው ዘረጉ፤ ከደጃፉ የቆመው እሱ ነውና ለውጮቹ የሚያሰማው እሱ ነው። ደሳለው ፊቱን ወደ ግቢው አዞረ። ጉሙ ውስጥ መልካቸው የማይለይ ብዙ ሰዎች ቆመው ይጠብቁታል።

«‹እናቴ፣ ነይ ብለሽኝ መጣሁ› ነው ያለች» አለ፤ ከአጥሩ ጥግ ያለው ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ አለ። ከዚያ እሱም አለቀሰ።